ፈቃድ የወጣበት ቡጢ፦ ግብሩ ለመንግሥት፣ ተጋጣሚውስ ለማን?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በተለይ ሌሊት ተነስታችሁ የዩኤፍሲ ግጥሚያ የምትከታተሉ፣ በየሰፈሩ ቴኳንዶ፣ ዉሹና ኪክ ቦክስ የምትሠሩ ወንድሞቼን ይመለከታል።

በመስጂዳችን የኢማሙ ረዳት ነኝ። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለችው ጊዜ ወጣቶች ከበው ከሚጠይቁኝ ነገር አንዱ "ኡስታዝ፣ ኤምኤምኤ ሐላል ነው ሐራም?" የሚለው ነው። የኸቢብ ኑርመጎሜዶቭ ስም ከገነነ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ስለ ሑክሙ ዑለማዎች ተናግረዋል። የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1987 መካ ላይ ባደረገው ስብሰባ ቦክስን ከልክሏል፤ ተጋጣሚዎች አንዱ ሌላውን መጉዳት እንደተፈቀደ ቆጥረው የሚገቡበትን ነፃ ትግልም እንዲሁ። ሰውነትን ለማጠንከር የሚደረገውንና ጉዳት የማይፈቀድበትን ትግል ግን አልከለከለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሩካናን ታግለው መጣላቸው በሲራ የታወቀ ነው፤ ፊትን መምታት መከልከሉም የታወቀ ነው። ዝርዝሩን ከሸይኾቻችሁ ጠይቁ።

ዛሬ የማነሳው ግን ማንም ሲጠይቀኝ ያልሰማሁትን ነው። እዚያ የሽቦ አጥር ውስጥ የሚገባውን ልጅ የሚጠብቀው ማን ነው? መንግሥት ለግጥሚያው ፈቃድ ሲሰጥ፣ ከትኬቱም ግብር ሲቀበል፣ በምላሹ ምን ይሸከማል? ወጣቱ ደሙን አፍስሶ ያገኘውን ገንዘብስ ማን ማን ይካፈለዋል?

ወደዚህ ነገር የገባሁት በአንድ የሰፈራችን ልጅ ምክንያት ነው። ዕድሜው ሃያ አንድ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሥልጠና ላይ ያለ፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ልጅ። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና "ኡስታዝ፣ ዐረብኛ ስለምትችል ይህን አንብብልኝ፤ ልፈርም ነው" አለኝ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ለሚካሄድ የኤምኤምኤ ግጥሚያ የተላከለት ውል ነበር። ግማሹ በዐረብኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው።

አነበብኩለት። የክፍያው መጠን ተጽፏል። ክብደቱን ካላሟላ ስንት እንደሚቀነስበት ተጽፏል። ቪዲዮው የአዘጋጁ ንብረት እንደሚሆንና ልጁ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ቦታ መጋጠም እንደማይችልም ተጽፏል። ጉዳት ቢደርስበት ደግሞ "ተጋጣሚው በራሱ ኃላፊነት ይገባል" ይላል። አጥንቱ ቢሰበር ማን ያሳክመዋል? ራሱን ስቶ ቢወድቅ የሆስፒታሉን ማን ይከፍላል? አንድም ቃል የለም።

መድረሳ ላይ የኢጃራን ምዕራፍ ስንቀራ ሸይኻችን የሚደጋግሙልን ነገር ነበር፤ ሥራው፣ ጊዜውና ዋጋው በግልጽ ያልታወቀ ውል ጎደሎ ነው ይሉን ነበር። ይህ ውል ዋጋውን ተናግሯል፤ ሥራው ልጁን ምን ሊያስከፍለው እንደሚችል ግን ዝም ብሏል። ስለዚህ ጥያቄውን አብረን ጽፈን ለአዘጋጁ ላክን። የመጣው መልስ "አታስብ ወንድሜ" የሚል ነው። ደግመን ጠየቅን፤ ደግሞ "አታስብ" አለ። "አታስብ" ደግሞ ኢንሹራንስ አይደለም። ልጁ ሳይፈርም ቀረ። ሥልጠናውን ግን አላቆመም፤ ሌላ ጥሪ ይመጣል፤ ለሌሎችም ይመጣል። እኔም ሌሎች አገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ሕግ የሌለበት ዘመን

ዛሬ የምታዩት ዩኤፍሲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ነው። በአሜሪካ ቦክስንና የመሳሰሉትን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ያቋቋመው የአትሌቲክስ ኮሚሽን ነው። ዴንቨር የምትገኝበት ኮሎራዶ ግን በጊዜው ኮሚሽን አልነበራትም። ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ሐኪም የሚያዝ፣ ግጥሚያ የሚያስቆም የመንግሥት አካል የለም ማለት ነው። የክብደት ምድብ አልነበረም፤ ዳኞች ነጥብ አይሰጡም። ከመናከስና ዓይን ከመጎልጎል በቀር የተከለከለ ነገር ጥቂት ነበር። በመጀመሪያው ግጥሚያ የአንዱ ጥርስ በእርግጫ ሲበር ዓለም አየ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሴናተር ጆን ማኬይን ለሃምሳዎቹም ግዛቶች ገዥዎች ደብዳቤ ጽፈው እንዲከለክሉት ጠየቁ፤ ስፖርቱንም ከአውራ ዶሮ ማዋጋት ጋር አመሳሰሉት። ከሠላሳ በላይ ግዛቶች ከለከሉ። ኒው ዮርክ በ1997 የሙያ ግጥሚያን በሕግ አገደች።

ነገሩ የተቀየረው ኒው ጀርሲ ሌላ መንገድ ስትይዝ ነው። የግዛቷ የአትሌቲክስ ቁጥጥር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2000 ግጥሚያውን በራሱ ዓይን ሥር አስገባው፤ ሕጎቹም በጽሑፍ ሰፈሩ። ክብደት ተመደበ፤ ጓንት ግዴታ ሆነ፤ የተለመደው ግጥሚያ አምስት አምስት ደቂቃ ሦስት ዙር፣ የሻምፒዮና ደግሞ አምስት ዙር ሆነ። የወደቀን ሰው ጭንቅላት በእግር መምታት፣ ማጅራት መምታትና የመሳሰሉት ተከለከሉ። የቦክስ ማዕከል የሆነችው ኔቫዳ በ2001 ተከተለች፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ዩኤፍሲ በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2016 እንደገና ሲሸጥ ዋጋው 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ልብ በሉ፤ መንግሥት ሕግ ባያወጣለት ኖሮ ማንም ባለሀብት ይህን ያህል ገንዘብ አያፈስበትም ነበር። ሕጉ ተጋጣሚውን ጠብቋል፤ ነጋዴውን ደግሞ አበልጽጎታል።

መከልከልና መቆጣጠር

"ታዲያ ከልክሎ መገላገል አይሻልም?" የምትሉ ትኖራላችሁ። የኒው ዮርክን ታሪክ እዩት። የሙያ ግጥሚያ ከ1997 እስከ 2016 ታገደ። "አማተር" የሚባለው ግጥሚያ ግን በየአዳራሹ ቀጠለ፤ የግዛቱ ኮሚሽን አይመለከተውም ነበር። እንግዲህ ሐኪምና ዳኛ ሊታዘዝለት የሚችለው የሙያ ግጥሚያ ታግዶ፣ ማንም የማያየው የጀማሪዎቹ ግጥሚያ ክፍት ሆነ። የሚደሙት ደግሞ ገና ልምድ የሌላቸው ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ዣው ካርቫልዮ የተባለ የ28 ዓመት ፖርቱጋላዊ ሚያዝያ 9 ቀን ከተጋጠመ በኋላ በጭንቅላቱ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። በቦታው ሐኪሞች ነበሩ። ሆኖም በዚያ አገር ይህን ስፖርት የሚቆጣጠር የመንግሥት አካል አልነበረም፤ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሚደረግና ስንት ሐኪም እንደሚቆም የሚወስነው አዘጋጁ ራሱ ነበር። ጥሩ አዘጋጅ ከሆነ ጥሩ ያደርጋል፤ ካልሆነም የሚጠይቀው የለም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 14፣ የኒው ዮርክ ገዥ አንድሪው ኩሞ የሙያ ኤምኤምኤን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ኒው ዮርክ በአሜሪካ የመጨረሻዋ ፈቃጅ ግዛት ሆነች።

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መንግሥት ለአንድ ነገር ፈቃድ ሰጠ ማለት ነገሩ መልካም ነው ማለት አይደለም። ውርርድ ቤትም ፈቃድ አለው፤ ግብርም ይከፍላል፤ ቁማር ግን ቁማር ነው። ፈቃድ የሚናገረው "ይህ ነገር ሲካሄድ ተጠያቂ አለ" የሚለውን ብቻ ነው።

ጥሩ ኮሚሽን ባለበት ግዛት ተጠያቂነቱ እንዲህ ይሠራል። አዘጋጁ፣ ተጋጣሚው፣ አሠልጣኙ፣ ዳኛው እያንዳንዳቸው ፈቃድ ያወጣሉ። ተጋጣሚው ከመግባቱ በፊት የደም ምርመራ ያደርጋል፤ ሐኪም ያየዋል። ሐኪም ከአጥሩ ሥር ይቀመጣል፤ አምቡላንስ ይቆማል። ዳኞቹን የሚመድበው አዘጋጁ ሳይሆን ኮሚሽኑ ነው። ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት እንዳይጋጠም ይታገዳል። እገዳው ለአንድ ለተራበ ወጣት ከባድ ነው፤ ገንዘቡን ፈልጎ በማግስቱ ሊገባ ይፈልጋልና። ሕጉ ከራሱ ችኮላ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው። በወረቀት ላይ ያለው በሌሊቱ ካልተሠራበት ምን እንደሚሆን ማጎመድ አብዱሰላሞቭ ምስክር ነው። ከኸቢብ አገር ከዳግስታን የመጣ ሙስሊም ቦክሰኛ ነበር፤ አሥራ ስምንት ጊዜ ተጋጥሞ ሁሉንም በዝረራ ያሸነፈ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2013 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አሥር ዙር ተመታ። የኮሚሽኑ ሐኪሞች ነበሩ፤ አዩትም። ወደ ሆስፒታል የሄደው ግን በታክሲ ነው። በአንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሳምንታት ራሱን ሳያውቅ ቆየ፤ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው መራመድና መናገር አልቻለም። ሚስትና ሦስት ሴት ልጆች አሉት። በ2017 የኒው ዮርክ ግዛት 22 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ያሰብኩት ስለ ገንዘቡ ነበር። 22 ሚሊዮን ዶላር ጤና አይመልስም። ነገር ግን ቤተሰቡ የሚከሰው አካል አገኘ። ፈቃድ የሰጠ፣ ሐኪም የመደበ፣ "ኃላፊነቱ የኔ ነው" ያለ መንግሥት ስለነበር ተጠየቀ። በ2016 የወጣው የኒው ዮርክ ሕግም እያንዳንዱ ተጋጣሚ ቢያንስ የ50,000 ዶላር የሕክምና ኢንሹራንስ፣ ለሕይወት አስጊ ለሆነ የአንጎል ጉዳት ደግሞ የ1 ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ እንዲገባለት አስገድዷል። ትናንሽ አዘጋጆች "ከሰርን" ብለው ጮኹ፤ በግዛቱ ትናንሽ የቦክስ ዝግጅቶችም ቀነሱ። እኔ ግን እላለሁ፤ የልጁን ጭንቅላት ማሳከሚያ መክፈል የማይችል ሰው የልጁን ጭንቅላት ለትኬት ማቅረብ የለበትም።

ግብሩ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ኔቫዳ ከመግቢያ ትኬት ጠቅላላ ገቢ 8 በመቶ ትወስዳለች። ኒው ዮርክ ከኤምኤምኤ ትኬት 8.5 በመቶ ትወስዳለች፤ ከቴሌቪዥንና ከኢንተርኔት ሥርጭት ገቢም 3 በመቶ፤ ነገር ግን የሥርጭቱ ግብር ከ50,000 ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ አላት።

በቁጥር እንየው። በኅዳር 2016 ዩኤፍሲ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የመጀመሪያውን ግጥሚያ ሲያደርግ የትኬቱ ገቢ 17.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 8.5 በመቶው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ኸቢብ ኮኖር ማክግሬጎርን ያሸነፈበት የጥቅምት 6 ቀን 2018 የላስ ቬጋስ ግጥሚያ ደግሞ 17.2 ሚሊዮን ዶላር የትኬት ገቢ አስገኘ፤ የኔቫዳ ድርሻ ወደ 1.4 ሚሊዮን ይጠጋል። አንድ ሌሊት!

በዚያ ሌሊት የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኸቢብ አጥሩን ዘሎ ወደ ተመልካቹ ወረደ። የኔቫዳ ኮሚሽን ወዲያው 2 ሚሊዮን ዶላር ክፍያውን ያዘበት፤ ግማሹን ቆይቶ ለቀቀለት። በጥር 2019 ኸቢብን 500,000 ዶላር ቀጥቶ ዘጠኝ ወር አገደው፤ ማክግሬጎርን ደግሞ 50,000 ዶላር ቀጥቶ ስድስት ወር አገደው። ብዙዎቻችሁ "ለምን አሥር እጥፍ?" ብላችሁ ተናዳችኋል። እኔ የማሳያችሁ የኮሚሽኑን ሥልጣን ነው። ፈቃድ የሰጠ እጅ ክፍያም ይይዛል። ያ እጅ ታዲያ ተጋጣሚውን ለመቅጣት እንደሚረዝመው ሁሉ ተጋጣሚውን ለመጠበቅም መርዘም አለበት።

እዚህ ላይ የሒስባን ሥራ አስታወስኩ። በጥንቱ የሙስሊሞች ከተማ ሙሕተሲብ የሚባል ሹም ነበር፤ ሚዛኑን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሐኪሙን ሳይቀር በገበያ እየዞረ ይቆጣጠራል። ስለ ሒስባ የጻፉ ዑለማዎች ሙሕተሲቡ ከሚቆጣጠራቸው ነጋዴዎች ስጦታ እንዳይቀበል ያስጠነቅቃሉ፤ የበላ አፍ መናገር ያፍራልና። በሕግ የተጣለ ግብር ጉቦ አይደለም፤ ሁለቱን አላምታታም። ግን ጥያቄው ይመሳሰላል። ግዛቶቹ ትልቁን ግጥሚያ ወደ ከተማቸው ለማምጣት ይፎካከራሉ፤ ሆቴሉም ታክሲውም ይሠራበታል። ከትኬቱ ድርሻ ያለው መንግሥት ትልቅ ግጥሚያ የሚሰረዝበትን ውሳኔ ለመወሰን እጁ አይያዝም ወይ? ከግብሩ የተወሰነው ለተጎዱ ተጋጣሚዎች ሕክምና ቢታሰር፣ ያኔ ግብሩ የጠባቂ ደመወዝ ይሆናል።

በባሕረ ሰላጤው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የአቡዳቢ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ከዩኤፍሲ ጋር የአምስት ዓመት ስምምነት አድርጓል። እዚያ መንግሥት ግጥሚያውን ጋባዥ ነው። ጋባዥም ተቆጣጣሪም መሆን ቀላል አይደለም። ለተጋጣሚው ግን አንድ ጥቅም አለው፤ በኤሚሬትስ የግለሰብ ገቢ ግብር የለም። አሜሪካ ውስጥ የሚጋጠም የውጭ አገር ሰው ግን የተለየ ስምምነት ከሌለው ከጠቅላላ ክፍያው 30 በመቶ ተቀንሶ ነው እጁ የሚገባው። ከቀረው ላይ አሠልጣኙን፣ ወኪሉን፣ ጉዞውን ይከፍላል። ስለዚህ ውል ላይ 10,000 ዶላር ስታዩ በልባችሁ ቤት አትሥሩ።

ሕጉ ያልደረሰበት

ኮሚሽኖቹ የተጋጣሚውን አካል ይጠብቃሉ እንበል። ኪሱንስ? ለቦክሰኞች እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ በታላቁ ወንድማችን በሙሐመድ ዐሊ ስም የተሰየመ። አዘጋጁ ከግጥሚያው ምን ያህል እንደሚያገኝ ለቦክሰኛው እንዲገልጽለት ያስገድዳል፤ አዘጋጅና ወኪል አንድ ሰው እንዳይሆኑ ይከለክላል፤ አስሮ የሚይዝ ውልን ይገድባል። ነገር ግን ሕጉ የሚመለከተው ቦክስን ብቻ ነው። የቀድሞ ተጋጣሚ የነበሩት የኮንግረስ አባል ማርክዌይን መሊን በ2016 ወደ ኤምኤምኤ እንዲሰፋ ረቂቅ አቀረቡ፤ አልጸደቀም።

ስለዚህ ቦክሰኛው የማወቅ መብት ያለውን ነገር የኤምኤምኤ ተጋጣሚው ለማወቅ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ተጋጣሚዎች ዩኤፍሲን ገበያውን ብቻውን ይዞ ክፍያችንን አሳነሰ ብለው ከሰሱ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2025 መጀመሪያ፣ ፍርድ ቤት የ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አጸደቀላቸው። አሥር ዓመት ለተጋጣሚ የሥራ ዘመኑ በሙሉ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ወንድሞቼ፣ ግቡም አትግቡም ለማለት አይደለም የጻፍኩት፤ እሱን ከሸይኾቻችሁና ከወላጆቻችሁ ጋር ተመካከሩበት። ሥልጠናውን የመረጠ ልጅ ግን ራሱን በርካሽ እንዳይሸጥ እፈልጋለሁ። ከሩቅ አገርም ሆነ ከቅርብ አዳራሽ "ና ተጋጠም" የሚል ሲመጣ እነዚህን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

1. ግጥሚያውን የፈቀደው የመንግሥት አካል ማን ነው? ስሙን ንገሩኝ።
2. ሐኪሙን የሚመድበው ማን ነው? አምቡላንስ በር ላይ ይቆማል?
3. ብጎዳ የሚያሳክመኝ ኢንሹራንስ በስንት ነው? ወረቀቱን አሳዩኝ።
4. ዳኞቹን የሚመርጠው አዘጋጁ ነው ወይስ ሌላ አካል?
5. ከክፍያዬ ግብርና ሌላ ተቀናሽ ስንት ነው? ተቀንሶ እጄ የሚገባው ስንት ነው?
6. ውሉ ለስንት ጊዜ ያስረኛል? ብጎዳ የእስሩ ጊዜ ይራዘማል?

የማይገባችሁን ቋንቋ አትፈርሙ። ዐረብኛ የሚያውቅ ኡስታዝ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ መምህር በየሰፈሩ አለ። ማስነበብ አያሳፍርም። ለእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች "አታስብ" የሚል መልስ ከመጣ፣ ያኔ ነው ማሰብ።

እናንተም ግጥሚያ የምታዩ፣ የወደቀው ልጅ ሲነሳ ጨብጭባችሁ ስልካችሁን አትዝጉ። ማን እንዳነሳው፣ በምን እንደወሰደው፣ ማን እንደከፈለለት ጠይቁ። አካል ከአላህ የተሰጠን አማና ነው።

አላህ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ለተጎዱት ሺፋእ ይስጣቸው። ጽሑፉን ለሚመለከተው ወንድም አድርሱት።

ወላሁ አዕለም።